ለማሙሽ የተመረጡ አዳራሾች

ባንዱ ከከተማ ከተማ በዞረ ቁጥር እትዬ አንድ ከተማ ቀድማ ትሄዳለች። ሥራዋ አዳራሽ መምረጥ ነው። ሙዚቀኞቹ ባለፈው ከተማ ሆቴል ውስጥ ቁርሳቸውን ሲበሉ እሷ በሚቀጥለው ከተማ የአዳራሽ ቁልፍ የያዘ ሰው ፍለጋ ትንከራተታለች። ቁልፍ ያዥ ደግሞ የትም ቢሄዱ አንድ ነው፤ ወይ ምሳ ወጥቷል፣ ወይ "አሁን እዚህ ነበረ" ነው።

በሩ ሲከፈትላት መጀመሪያ የምታየው መድረኩን ሳይሆን ወለሉን ነው። እንጨት ነው? ሲሚንቶ ነው? ምንጣፍ ለብሷል? ከዚያ ጣሪያውን፣ መጋረጃውን፣ የወንበሮቹን ልባስ ታያለች። ከጎን ጋራዥ ወይም ወፍጮ ቤት እንዳለ ትጠይቃለች። በመጨረሻ መሀል ላይ ቆማ አንዴ ታጨበጭብና ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ጭብጨባዋ የት የት ደርሶ እንደሚመለስ ታደምጣለች። ያለ ማይክሮፎን መጫወት የባንዱ ኩራት ስለሆነ ድምፁን የሚያደርሰው አዳራሹ ራሱ ነው። "ይሄኛው ይመልሳል" ካለች አለቀ፤ ይያዛል። "ይሄኛው ይውጣል" ካለች ደግሞ በነፃ ቢሰጧትም አትይዘውም። አንድ ጊዜ አንድ የአዳራሽ ኃላፊ ተቀይሟት፣ "እመቤት፣ ስንትና ስንት ትልልቅ ሰው የተሰበሰበበት አዳራሽ እኮ ነው!" ቢላት፣ "ለስብሰባማ ግሩም ነው፤ ማን ምን እንዳለ አይሰማም" ብላው ወጣች።

እትዬ የሚላት መጀመሪያ ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነበር፤ የባንዱ ክላርኔት ነፊ። እሱ ሲጠራት ሰምተው ሁሉም ለመዱት። በዕድሜ የሚበልጣት የባንዱ አለቃ፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ እንኳ፣ እትዬ ነው የሚላት። ወንድሟን ደግሞ ሁሉም ማሙሽ ይለዋል። ጢሙ ገብስማ ሆኗል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ዛሬም ማሙሽ ነው።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ እሷም ብትሆን ልጅ ነበረች። ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ቀዳጅ ሆና ተቀጠረች፣ እሱም የኋላው ረድፍ ወንበር ላይ እየተኛ አደገ። የአዳራሽን ጠባይ የተማረችው እዚያ ነው፤ ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚጮህ፣ ሰው ሲሞላ እንዴት እንደሚለሰልስ። የመጀመሪያውን ክላርኔት የገዛችለትም እሷ ናት። ባል የጠየቃት አልጠፋም። "እስቲ ማሙሽ ራሱን ይቻል" ስትል፣ ማሙሽ ራሱን ሲችል ጠያቂው ጠፋ። አልተቆጨችም። መድረክ ላይ ቆሞ ያ ትንፋሹ ረዥም መስመር ሆኖ አዳራሹን ሲያቋርጥ፣ ወንድሜ ማለት አንሶባት፣ በልቧ "የኔ ልጅ ነው" ትል ነበር።

ማሙሽ ማሳል ሲጀምር "ብርድ ነው" አለ። ብርዱ ግን አልወጣ አለ። እጁን ይዛ ሳንባ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እሱ ብቻውን ገባ፤ እሷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ የክላርኔቱን ሣጥን አቅፋ ጠበቀችው። ሲወጣ ፊቱን ፈተሸች። ፈገግ ብሎ ነው የወጣው።

"ምን አለህ?"

"ሳንባዬ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አይቷል። መድኃኒት ሰጥቶኛል። እያየን እንቆያለን ነው የሚለው።"

"በቃ?"

"በቃ። አንቺ ደግሞ ካልከፋ አይጥምሽም።"

ሣጥኑን ከእጇ ተቀብሏት ወጡ። እሷም ደስ አላት፤ ደስ እንዲላት ፈልጋ ስለነበር ብዙ አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ ነው ባንዱ አንድ ትልቅ ከተማ የገባው። አዳራሹ አዲስ ነበር፣ ሰፊ፣ የመረጠችው ራሷ ናት፤ ባንዱን በሙሉ ኃይሉ አስባ የመረጠችው። እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ምሽት ልትሰማ ከኋላ ግድግዳው ጋ ቆመች። ሙዚቃው መሀል ላይ ሌሎቹ ሁሉ ዝቅ የሚሉበትና ክላርኔቱ ብቻውን የሚወጣበት ቦታ አለ። ሌሎቹ ዝቅ አሉ። ማሙሽ ክላርኔቱን ወደ ከንፈሩ አነሣ፣ ጉንጩ ተወጠረ፣ ጣቶቹ ሮጡ። እሷ የቆመችበት ግን የደረሰ ነገር አልነበረም። ከፊቷ የተቀመጠች ሴት መዳፏን ከጆሮዋ ኋላ አስደግፋ ወደ ፊት አዘነበለች። አንድ ሰውዬ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ "ክላርኔቱ ምን ሆኗል?" ሲል ሰማችው።

ግድግዳውን ተደግፋ ጨረሰችው።

ማሙሽ ከመድረክ ሲወርድ ሁልጊዜ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ "እትዬ፣ እንዴት ነበር?" እሷም ሁልጊዜ እውነቱን ትነግረዋለች። "ሁለተኛው ላይ ፈጥነሃል" ትለዋለች፤ "መጨረሻው ላይ ልብህ ሌላ ቦታ ነበር" ትለዋለች። እሱም አንድ ቀን ተቀይሟት አያውቅም። ያን ቀን ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ከወትሮው ይልቅ ዓይን ዓይኗን እያየ ጠየቃት።

"አዳራሹ ነው" አለችው። "ድምፅ ይበላል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላጣራ ያዝኩት።"

ማሙሽ ዓይኑን ጨፍኖ አየር አስወጣ። "ተመስገን" አለ። "እኔ መስሎኝ ክው ብዬ ነበር እኮ!"

እንዲህ ብሎ ሲስቅ ያየች እህት መልሳ፣ "የለም፣ አንተ ነህ" ልትል አትችልም። እሷም አልቻለችም። በማግስቱ ጠዋት የባንዱን አለቃ ለብቻው ሆቴሉ በረንዳ ላይ አገኘችው።

"ሰምተኸዋል" አለችው።

"ሰምቻለሁ" አለ አለቃው። ሳያያት ሻዩን ያማስላል።

"እሱ አልሰማውም። አዳራሹ ነው ብዬዋለሁ። ከእንግዲህ ትንንሽ አዳራሽ ነው የምይዘው፤ የሚመልስ፣ ትንሽ ነገር ሰጥተኸው አብዝቶ የሚሰጥህ ዓይነት። መድኃኒቱ እስኪሠራለት ነው። አለበለዚያ ልቡ ይሰበርና ከሕመሙ በፊት እሱ ይገድለዋል።"

"ሰዉስ የት ይገባል?"

"አንድ ቀን የምንጫወተውን ሁለት ቀን እንጫወታለን።"

አለቃው ማንኪያውን አስቀምጦ፣ "እኛስ? እኛ እንዳለን ከተጫወትን የትም ብትወስጂን እንውጠዋለን" አለ።

"ለዚህ እኮ ነው የመጣሁብህ።"

ተስማሙ። አለቃው ለሌሎቹ ነገራቸው፤ እምቢ ያለ አልነበረም። ከበሮ መቺው በጉልበቱ የተነሣ "ነጎድጓድ" ነበር የሚባለው። ዱላውን አስቀምጦ በመጥረጊያ በሚመስለው ቀጭን ብሩሽ እንዲመታ ሲነገረው እጁን በእጁ ይዞ፣ "እትዬ፣ ነጎድጓድን ካፊያ አደረግሽው" አላት። ሳቁ። ከዚያ ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

እትዬ እንደዚያ ጊዜ ሥራዋን ሠርታ አታውቅም። አንዱ ከተማ ውስጥ ባቡር መቆም የተወበት ጣቢያ አገኘች፤ የመንገደኞች ማረፊያው ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው ቅስት፣ ሹክ ብትል ከወዲያኛው ጥግ ይሰማል። ሌላው ከተማ ውስጥ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ቤት መረጠች፤ ሰው ደረጃው ላይ ተደራርቦ ተቀመጠ፣ ባንዱ ከታች ሆኖ ተጫወተ፣ ድምፁም እንደ ጭስ ወደ ላይ ወጣ። ጣሪያው በሙሉ እንጨት የሆነ የትምህርት ቤት አዳራሽ አገኘች። ከዚያ ደግሞ ሥራ ያቆመ ክብ የዱቄት ማከማቻ፤ የከተማው ሰው "ምን ልታደርጊበት ነው?" ብሎ ስቆባት ነበር። በየአዳራሹ እየዞረች ታጨበጭባለች፣ ታንጎራጉራለች፣ አንድ ክንድ ወዲህ አንድ ክንድ ወዲያ እያለች መሬቱን በጠመኔ ታሰምራለች፤ "ማሙሽ እዚህ ይቁም" ትላለች። የቆመበት ቦታ ላይ ግድግዳው ትንፋሹን ይቀበልና አወፍሮ ይሰጠዋል።

ማሙሽ አበበ። ሌላ ቃል የለውም። ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ፣ ይቀልዳል፣ አዲስ ረዥም ዜማ ጻፈና ለክላርኔቱ ብቻ መጨረሻ ላይ ትልቅ ቦታ ሰጠው። ሰው ቆሞ ያጨበጭብለታል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ፣ መስኮቱን በትንፋሹ አደብዝዞ በጣቱ የልጅ ሥዕል እየሣለ፣ "ትንፋሼ ተመለሰ እኮ እትዬ" አላት።

አንገቷን ነቀነቀች። "ሐኪምህስ ምን ይላል?" አለችው።

"እሱንማ ተገላገልኩት። ደህና ነኝ።"

ታይቶ፣ ደህና ነህ ተብሎ፣ በቃህ ተብሎ ነው ብላ ያዘችው። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ጫማውን የሚያስር መስሎ እንደሚያርፍ አይታለች። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ እንደተበጀለት አይታለች። ግን ማታ ማታ በዚያ ድንጋይ ጣሪያ ስር ክላርኔቱን ስትሰማው ዓይኗ ያየውን ጆሮዋ ያስተባብልላታል። አዳራሾቹን የመረጠችው እሱን ልታታልል ነበር፤ ቀስ እያለች ራሷም ገባችበት።

የዝናቡ ወቅት ሲገባ ነው ነገሩ የተበላሸው። ለሚቀጥለው ከተማ የያዘችው የእንጨት አዳራሽ ጣሪያው አፈሰሰ፤ መድረኩ ላይ ውሃ ተኛበት። እሷ ቀድማ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበርና አለቃው ደወለላት፤ ሰዉ እየመጣ ነው፣ ማስቀረት አይቻልም፣ ሆቴሉ የራሱን የስብሰባ አዳራሽ እንስጣችሁ ብሏል።

"ምንጣፍ አለው?" አለችው።

"አለው።"

"መጋረጃስ?"

"እትዬ፣ ወፍራም ነው። ምን ላድርግ?"

"ማሙሽን አሞታል በል! ሳይነፋ ይቅር!"

"እሱ ነው እኮ 'ሰው አናሳፍርም' ያለው። ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል።"

ያገኘችውን የመጀመሪያ መኪና ተሳፈረች። ስትደርስ ተጀምሯል። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ እግሯ ምንጣፉ ውስጥ ሰመጠ፣ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። ባንዱ ማሙሽ የጻፈውን አዲሱን ዜማ እየተጫወተ ነበር። ሌሎቹ ዝቅ አሉ። ማሙሽ ነፋ። ከክላርኔቱ የወጣው እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ የመጨረሻ ትንፋሽ የሳሳ ነገር ነው፤ የፊተኛው ረድፍ ጋ እንኳ ሳይደርስ ሞተ።

ቆም አለ። ክላርኔቱ አፍ ላይ ያለችውን ስስ ሸምበቆ በምላሱ አርሶ እንደገና ነፋ። ያው ነው። ሸምበቆዋን አውጥቶ ሌላ ቀየረ፤ ነጎድጓድ በብሩሹ ጊዜ ሊገዛለት ከበሮውን ያሻሻል። ማሙሽ እንደገና ነፋ፤ አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ። ከዚያ ክላርኔቱን ከአፉ አወረደና ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ መጋረጃው አየ፣ ወደ ነጎድጓድ ብሩሽ አየ። በመጨረሻም በሩ ጋ የቆመችውን እህቱን አየ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክላርኔቱን ጭኑ ላይ አጋደመው። አለቃው የክላርኔቱን ቦታ በቫዮሊኑ ይዞ ዜማውን ጨረሰው። ሰዉ ከትህትና አጨበጨበ።

ከመድረኩ ጀርባ የሆቴሉ ወንበሮች የተደራረቡበት ጠባብ ክፍል አለ። ማሙሽ እዚያ ጠበቃት። ስትገባ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

"እንዴት ነበር?" አላት።

እትዬ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"ያ ሰፊው አዳራሽ ድምፅ አይበላም ነበር፣ አይደል?"

"ማሙሽዬ…"

"ንገሪኝ!"

"አይበላም ነበር።"

"ከዚያ ወዲህ ሲነፋ የከረመው ማነው ታዲያ? እኔ ነኝ ወይስ ግድግዳው?"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነው። እስኪሻልህ ድረስ ብዬ ነው። ደግሞ ተሽሎሃል፣ ሐኪሙ…"

"የቱ ሐኪም?" አለ። ድምፁ ከፍ ሊል ሞክሮ ሳል ሆነ። ሲያስል ጀርባውን ልትይዘው ሄደች፤ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። ሳሉ ሲለቀው ቀስ ብሎ ነገራት። "ሐኪሙ ያኔ ምን እንዳለኝ አልነገርኩሽም። 'አንተ ክላርኔት ነፊ ነህ፤ ከኛ ማሽን ቀድሞ ክላርኔትህ ይነግርሃል' አለኝ። 'ድምፅህ ከከሳ ነገሩ እያደገ ነው፤ ያኔ ሳታድር ና፣ ቆርጠን እናወጣዋለን። ካልከሳ ግን መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው' አለኝ። እኔም በየምሽቱ እየለካሁ ነበር እትዬ። በየምሽቱ። እንዲያውም እየወፈረ ሲሄድ ቀጠሮው ደረሰ፣ 'ምን ያስኬደኛል?' ብዬ ቀረሁ። የሚቀጥለውንም ቀረሁ።"

እትዬ የተደራረቡትን ወንበሮች ይዛ ቆመች። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ወደ ከተማቸው ተመልሰው ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። አሁን አብራው ገባች። ሐኪሙ ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው፣ እንደገና አየው። ወጣት የሚባል ሐኪም ነው፤ ሲጨንቀው መነጽሩን የማውለቅ ልማድ አለው። አወለቀው።

"ለምን ዘገየህ?" አለ። "ድምፅህ የከሳ ቀን እንዳታድር ብዬህ አልነበረም? አሁን እኮ በቢላ የሚደረስበት አልሆነም። ተሰራጭቷል።"

እትዬ "እኔ ነኝ" ልትል አፏን ከፈተች። ማሙሽ ወደ እሷ ሳይዞር እጁን ጉልበቷ ላይ አሳርፎ ጫን አደረጋት።

"ሥራ በዛብኝ ዶክተር" አለ።

ቢመታት ይሻላት ነበር።

ባንዱ ጉዞውን አቋረጠ፤ እትዬ ማሙሽን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። መስኮቱ መንገዱን የሚያየውን ክፍል ሰጠችው። ጎረቤት ሲጠይቅ "ድካም ነው" ትላለች። ማሙሽ አልተቆጣትም፣ አልሰደባትም፣ ምግብ እምቢ አላላትም። ውሃ ስትሰጠው "አመሰግናለሁ" ይላታል። ትራሱን ስታስተካክልለት "አስቸገርኩሽ" ይላታል። እንደ እንግዳ ሆነባት። ከእናት ልጅ አፍ ምስጋና መውጣት ሲጀምር ቤት ፈርሷል ማለት ነው። እሷም ማድቤት ገብታ ድስቱን እያንኳኳች ታለቅሳለች፤ እሱም ይሰማል፣ እንዳልሰማ ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጢሙን እየላጨችው ሳለ ድንገት፣ "አዳራሽ ፈልጊልኝ" አላት።

ምላጩን ከጉንጩ ላይ አነሣች። "የምን አዳራሽ?"

"ልነፋ ነው። አንድ ጊዜ። ምንም የማይመልስ፣ ምንም የማይጨምር ቦታ ፈልጊልኝ። የቀረችኝን ትንፋሽ ራሴ ልስማት።"

"ማሙሽዬ፣ አሁን አቅሙ…"

"ስለ አቅሜ አንቺ አትወስኚ።"

ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሻቸው የኖረችውን ዓይነት ክፍሎች እየፈለገች ከተማውን ዞረች፤ ምንጣፍ መሸጫ ገባች፣ የልብስ ስፌት ቤት ገባች፣ የፍራሽ ፋብሪካ በር ላይ ቆመች። በመጨረሻ አንድ ብርድ ልብስ የሚከማችበት መጋዘን አገኘች። ብርድ ልብሱ በአራቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። መሀሉ ላይ ቆማ አጨበጨበች፤ ጭብጨባዋ ከመዳፏ ሳይርቅ ጠፋ። ባለ መጋዘኑ፣ "እዚህ ውስጥ ሙዚቃ? እመቤት፣ ተሳስተዋል፤ እዚህ ሰው ቢጮህ አይሰማም" አላት። "ለዚህ እኮ ነው" አለችው። ሰውየው ፊቷን አይቶ ሌላ ነገር አልጠየቃትም።

ባንዱ መጣ። ሌላ ሰው አልተጠራም። አለቃውና ነጎድጓድ ማሙሽን ደግፈው አስገቡት፤ ሁሉም የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጡ፣ እሱ ቆመ። አዲሱን ዜማ፣ መጨረሻው ላይ ለክላርኔቱ ብቻ የተጻፈውን ነፋ። ቀጭን ነበር። አንዳንዱ ድምፅ ሳይወጣ ቁልፎቹ ብቻ ሲንኳኩ ይሰማል፤ በየመሀሉ ትንፋሹ ሲሰበሰብ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ግማሹን አልዘለቀም። ቆመና ክላርኔቱን ደረቱ ላይ ይዞ ቃተተ።

"ይኼውላችሁ" አለ። "ይኼ ነኝ።"

ነጎድጓድ ያ ግዙፍ ሰውዬ ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ ተንሰቀሰቀ። አለቃው ማሙሽን አቅፎ አልለቅ አለው። እትዬ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ መነሣት የሚገባት አልመሰላትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ራሱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መስሏት ነበር።

"እትዬ" አላት።

"ወዬ።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ ምናልባት እድን ነበር። እሱን አልረሳውም፤ ረሳሁት ብልሽ እዋሽሻለሁ። ያ የባቡር ጣቢያ ደግሞ አለ። ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሰዎች አሉ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ምረጥልኝ እንዳትይኝ፤ አልችልም።"

"አልልህም" አለች። እጁን ልትይዝ ፈራች። ከዚያ ያዘችው፤ አልነጠቃትም።

ዝናቡ ሳያባራ ሞተ። ጠዋት ነበር፤ መንገዱ ላይ ሰዎች ወደ ሥራ ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ብዙ አላወሩም። ስለ እናታቸው ጠየቃት፤ ፊቷ ጠፍቶበት ነበርና ደጋግማ ነገረችው፤ የምትስቅበትን፣ የምትቆጣበትን፣ ፀጉሯን የምትጠቀልልበትን።

ከቀብሩ በኋላ አለቃው ሁለት ጊዜ መጣባት። አዲስ ክላርኔት ነፊ ይዘዋል፣ ጉዞ ሊጀምሩ ነው፣ ያለ እሷ አዳራሽ መምረጥ አልሆነላቸውም። "ማረኝ" አለችው። ለመናት፤ ሻይ አፍልታ ሰጥታው ስለ ሌላ ነገር አወራችው።

ከዚያ አንድ ቀን ልብሷን ቀይራ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። በሽተኛ አይደለሁም ሳትል ወረፋ ጠበቀች። ሐኪሙ አስታወሳት፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት።

"ያን ቀን ወንድሜ ሥራ በዛብኝ ያልዎት ውሸት ነው" አለችው። ቆማ ነው የተናገረችው። "ድምፁ መክሳቱን እኔ ነኝ የሸፈንኩበት። አዳራሹን እየመረጥኩ። እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እርስዎ በልብዎ 'ቸልተኛ ሰው ነበር' እንዳይሉት ነው የመጣሁት።"

ሐኪሙ አዳራሹ ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባውም። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው አስረዳችው። ሳያቋርጥ ሰማት።

"አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ" አለች። "ያኔውኑ ቢመጣ ይድን ነበር?"

"እመቤት፣ እንዲህ ያለውን ነገር…"

"ሊያጽናኑኝ ብለው እንዳይዋሹኝ። እኔ የማደርገውን እንዳያደርጉ።"

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይጠራራል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል።

"እንደዚያ ካሉኝ" አለ፣ "ይድን ነበር ብዬ አስባለሁ። መንፋቱ ይቀርበት ነበር፤ በሕይወት ግን ይኖር ነበር።"

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፤ ከልቧ ነበር። ተነሥታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ውጭ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሰው ሞልቷል። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሰው ተጋፋ፣ ገባ። ሌላም መጣ። አንዲት እናት ልጅ ያዘለች፣ "እመቤት፣ የትኛውን ነው የሚጠብቁት?" ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ቀና ብላ አየቻትና ልትመልስላት አሰበች፤ የቤቷ መንገድ ጠፍቷት ነበር።